የቅዳሜው ቅጠል

ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ ቅሩ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ። ከዚያ ቡናችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ትል ነው።

አውቃለሁ፣ «ኡስታዝ ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ አላችሁ። ንብ፣ ጉንዳንና ሸረሪት በስማቸው ሱራ በተሰየመበት ኪታብ ያመነ ሰው ግን ትልን ሊንቅ አይገባውም። ደግሞም የዛሬው ታሪክ ስለ ትል ቢሆንም ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ሰው አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብዬ በጻፍኩት ነበር፤ የራሴ ስለሆነ ወራት አሳደርኩት።

ለማታውቁኝ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት። ቀን ቀን ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መድረሳ ነኝ። ልጆቹ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የምጽፍላችሁ የነሱን ቃል መልሼ ነው።

አምስተኛ ክፍል ላይ የነፍሳት እድገት የሚባል ትምህርት አለ። እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ። እኔም ልጅ ሆኜ በዜማ ሸምድጄዋለሁ፣ ተማሪዎቼም ይሸመድዱታል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሰሌዳው ላይ አራቱን ደረጃዎች ስዬ እንደጨረስኩ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ቢላቻ እውነት ትል ነበረች?» አለኝ። ቢላቻ ቢራቢሮ ማለት ነው። «አዎ» ስለው ዝም አለ። ለፈተናው መልሱን ያውቀዋል፣ ግን አላመነኝም። ይህ ልጅ የሚኖረው ዙሪያውን ቡና፣ ሎሚና ዋንዛ በከበበው ቤት ውስጥ ነው፤ ቢራቢሮ በየቀኑ ያያል። እውቀቱና ዓይኑ ግን አልተገናኙም።

አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ትምህርት ትሎቹን ምግባቸው አብሮ በተቀመጠበት ኩባያ ገዝተው ክፍል ውስጥ ያሳድጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚገዙት ቫኔሳ ካርዱይ የሚባለውን ዝርያ ነው። የሚገርማችሁ፣ ይህ ቢራቢሮ እኛም አገር ይገኛል፤ ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች ተነስቶ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ አውሮፓ ድረስ ይሰደዳል። ክንፉ ወረቀት ከሚያህል ፍጡር ይህን መጠበቅ ይከብዳል፣ ሱብሓነላህ። እኛ ግን መግዛት አላስፈለገንም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያሉ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ሎሚ አለ።

ስንጠይቃቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ሎሚዬን የጨረሰው እሱ አይደል? ሁሉንም ውሰዱልኝ!»

የሎሚ ትል ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አይታችሁታል። ሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። ትንሽ ሳለ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ነጭ ጣል ጣል ያለበት ነው፤ ቅጠል ላይ የወደቀ የወፍ ኩስ ይመስላል። ወፍ ደግሞ የራሷን ኩስ አትበላም። ቆዳውን እየቀየረ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ከነካችሁት ከራሱ ኋላ ባላ የመሰለች ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ሽታዋ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ትምህርት አልነበረም፣ ሁሉም ተራ በተራ እየነካ መሸሽ ነው። በኋላ ከለከልኳቸው፤ ቀንዱን የሚያወጣው ሲፈራ ነውና።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ግን የእናቲቱ ጉዳይ ነው። እሷ ራሷ ሎሚ ቅጠል አትበላም፤ የምትጠጣው የአበባ ወለላ ነው። እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ከቅጠል ቅጠል እያረፈች በፊት እግሮቿ ትደበድበዋለች። እግሯ ላይ ጣዕም የሚለዩ አካላት አሏት፤ በእግሯ ትቀምሳለች ማለት ነው። የሎሚ ወገን መሆኑን ስታረጋግጥ አንዲት ቢጫ እንቁላል ትጥልና ትሄዳለች። ልጇን አታየውም፣ አታጎርሰውም። ልጁ ከቀናት በኋላ ሲፈለፈል መጀመሪያ የወጣበትን ቅርፊት ይበላል፣ ከዚያ የቆመበትን ቅጠል። የሚበላውን ፍለጋ አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ሪዝቁ ሳይወለድ ቀድሞት ተነጥፎ ጠብቆታል። የማንኛውም ተንቀሳቃሽ ፍጡር ሪዝቅ በአላህ ላይ እንደሆነ ሱረቱ ሁድ ላይ ስንቴ ቀርተናል? እኔ የተረዳሁት የሎሚ ዛፍ ሥር ቆሜ ነው።

እናንተዬ፣ ያን ትል ከቅጠሉ ላይ አንስቼ ባልዲ ውስጥ ሳስገባው ምን እንዳደረግኩ በጊዜው አላስተዋልኩም። በእሱና በሪዝቁ መሀል ገባሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቅጠሉ በእኔ እጅ በኩል ካልሆነ አይደርሰውም።

11 ትሎች ነበሩን። ሰፊ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ውኃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ አቆምን፣ ቅርንጫፉን ጠርሙሱ ውስጥ ሰካን፣ በአሮጌ አጎበር ሸፈንነው። ግድግዳው ላይ የተራ ዝርዝር ተለጠፈ፦ ማን ቅጠል ያመጣል፣ ማን ኩሱን ይጠርጋል። ትል ሥራው መብላት ነው፤ በተለይ መጨረሻው አካባቢ ጠዋት የሰጣችሁት ቅርንጫፍ ለነገ ግንዱ ብቻ ይቀራል። የደረቀ ቅጠል ደግሞ አይነካም።

አንዷ ልጅ «ኡስታዝ፣ ሐሪር ከዚህ ነው የሚሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፤ የሐር ትል ሌላ ዘር ነው። እኛም አገር መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በጉሎ ቅጠል የሚያድግ የሐር ትል ላይ ብዙ ተሠርቷል። ጉሎ በየአጥራችን ሥር በቅሎ ማን ያየዋል? እሱን ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ።

ኅዳር ገባ። የቡና አገር ልጆች ኅዳር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሸቱ ቀልቷል፣ ቤተሰብ በሙሉ ለቀማ ላይ ነው፣ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። ልጁ የለቀመው በኪሎ ይከፈለዋል፤ በዚያ ብር ደብተርና ጫማ ይገዛል፤ ለምን ቀረህ ብላችሁ ልትቆጡት አትችሉም። የተራው ዝርዝር ግድግዳው ላይ አለ፣ ስማቸው የተጻፈው ልጆች ግን ቡና ሥር ናቸው። ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት የክፍሉን በር ቆልፌ ለአንድ ጉዳይ ጅማ ሄድኩ። ጁሙዓን እዚያው ሰገድኩ፣ ቅዳሜን ከጓደኞቼ ጋር አሳለፍኩ፣ እሑድ ማታ ተመለስኩ። ወላሂ፣ በነዚያ ቀናት አንድ ጊዜም ትዝ አላሉኝም።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ባልዲው ውስጥ እንቅስቃሴ የለም። ቅርንጫፉ ተላጭቷል፣ የተረፈው ደርቋል። 8ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ ታች ሳይሆን አጎበሩ ላይ ነው የሞቱት፤ መውጫ ፍለጋ እስከቻሉት ድረስ ወደ ላይ ወጥተዋል። የተቀሩት 3 ትልልቆቹ ነበሩ፣ ምግቡ ሲያልቅባቸው ጊዜያቸው ሳይደርስ ወደ ሙሽሬነት ገብተው ግንዱ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሲበዛ ትንንሽ ነበሩ።

ልጆቹ መጡ። እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ግድግዳው ዞሬ «የዓርብ ተራ የማን ነበር?» አልኩ። አዎ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። አንዲት ልጅ ቆማ ማልቀስ ጀመረች፤ ዓርብ ከእናቷ ጋር ለቀማ ነበረች። «የቅዳሜስ?» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ያ «ቢላቻ እውነት ትል ነበረች ወይ» ያለኝ ልጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ እኔ መጥቼ ነበር። በሩ ተቆልፎ ነበር።» ከዚያ በእጁ መስኮቱን አሳየኝ። አንዱ የመስኮት መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። ከሥሩ፣ ወለሉ ላይ፣ የተጨማደደ የሎሚ ቅጠል ተበትኗል። ልጁ ቅዳሜ ከለቀማ መልስ ፌስታል ሙሉ ቅጠል ቆርጦ መጣ፣ በሩ አልከፈት ሲለው በተሰበረው መስታወት በኩል እየወረወረ ባልዲው ላይ ሊያደርሰው ሞከረ። አልደረሰለትም። ቅጠሉ ከባልዲው ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ነው የደረቀው።

አያችሁ፣ ሪዝቁ መጥቶ ነበር። አላህ በአንድ የ11 ዓመት ልጅ እጅ ልኮታል፣ ልጁም ቡና ሲለቅም የዋለበትን ድካም ይዞ መጥቷል። የቆመው በሩ ላይ ነው። ቁልፉ ደግሞ ጅማ፣ ካፌ ውስጥ፣ በኔ ኪስ ነበር።

ስለ ድመቷ ሐዲስ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንዲት ሴት ድመት አስራ እስክትሞት ድረስ በማቆየቷ ለእሳት ተዳረገች። አላበላቻትም፣ የምድርን ነፍሳት ለቃቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ይህን ሐዲስ መድረሳ ውስጥ ለልጆች ስንት ጊዜ እንዳስቀራሁት አላስታውስም። ሁልጊዜ የሚታየኝ ጨካኝ ሴትዮ ነበረች፤ ዱላ የያዘች፣ ድመቷን የምትጠላ። ሐዲሱ ግን መታቻት አይልም፣ ጠልታታለች አይልም። ምናልባት ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ይሆን? ምናልባት ረስታት ይሆን? አላህ ያውቃል። በኔ ላይ ግን የደረሰው ይኸው ነው፦ ሳልጠላቸው፣ እንዲያውም እየወደድኳቸው፣ በሩን ዘግቼባቸው ሄድኩ።

ነፍሴ ግን ሰበብ አላጣችም። «ትል እኮ ነው፤ ሰዎች በመድኃኒት የሚያጠፉት» አለችኝ። ይህንኑ ይዤ ያቀሩኝ ሼኽ ዘንድ ሄድኩ። «ሼኻችን፣ የሎሚ ተባይ ነው፣ ባለቤቷም ልትገድለው ነበር፤ ታዲያ እኔ ላይ ምን አለብኝ?» አልኳቸው። ሼኹ መስበሐቸውን አስቀመጡና «ዛፏን የበላባት እሷን ነው፣ ብትከላከል መብቷ ነው። አንተን ምን በላህ? እሱ ነው አንተ ጋ የመጣው ወይስ አንተ ነህ ያመጣኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ቀጥለው የአቡ ዑመይርን ነገር አነሱልኝ። አቡ ዑመይር የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞታበት ሲያዝን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በስሙ ጠርተው ወፊቱ ምን ሆነች ብለው ጠየቁት። ያን ሁሉ ኡማ የተሸከሙ ነቢይ የአንድ ሕፃን ወፍ ጉዳይ አልከበዳቸውም። ሻፊዒዩ ዓሊም ኢብኑል ቃስ ከዚች አጭር ሐዲስ 60 ያህል ቁምነገር አውጥቶ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅቷል። ዑለማዎች ከዚያ ከወሰዱት አንዱ ሕፃን ትንሽ እንስሳ ይዞ መጫወት፣ ማሳደግ እንደሚችል ነው፤ ካበሉትና ካላሠቃዩት። ስለዚህ «ኡስታዝ ትል ማሳደግ ሐራም ነው ሊለን ነው» ብላችሁ የሰጋችሁ ተረጋጉ። ማሳደጉ ይቻላል፤ ግን «ካበሉት» የምትለዋ ቃል ቅዳሜንም እሑድንም ትጨምራለች።

አቡ ዳውድ የዘገቡት ሌላም አለ። ሶሐቦች በጉዞ ላይ የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን አንስተው እናቲቱ ላያቸው ላይ ስታንዣብብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቿን ወስዶ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፣ እንዲመለሱላትም አዘዙ። የኔዎቹ እናት ግን ማንዣበብ አታውቅም። በነሱ ፋንታ የሚጮህ አልነበረም፣ ከዚያ ልጅ በቀር።

ስለነዚያ 3 ሙሽሬዎች ላጫውታችሁ። ወደ ሦስት ሳምንት ጠበቅናቸው። አንዱ ጠቁሮ ቀረ። 2ቱ ወጡ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጥቁር ላይ ቢጫ የተረጨባቸው፣ ታችኛው ክንፋቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ዓይን ያለባቸው። ከወጡ በኋላ ክንፋቸው እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ተንጠልጥለው ከሰውነታቸው ፈሳሽ እየገፉ ቀስ በቀስ ይወጥሩታል። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ። ሁለቱም ግን ሎሚው ላይ ከምናያቸው ያነሱ ነበሩ። አንደኛው በረረ። ሁለተኛው ክንፉ በደንብ ሳይዘረጋ ደረቀ፤ ሎሚው ሥር አስቀመጥነው።

በስልካችሁ የምትዞር አንዲት ታሪክ አለች፤ እኔም ከዚህ በፊት ለጥፌያት አውቃለሁ። ሰውየው ቢራቢሮው ከሽፋኑ ለመውጣት ሲታገል አይቶ አዘነለትና በመቀስ ቀደደለት፣ በዚህም ምክንያት ሳይበር ቀረ፤ ስለዚህ መከራ ያጠነክራል፣ ሶብር አድርጉ ትላለች። ሶብር የዲናችን ግማሽ አካል ነው፣ አልክድም። የኛ ቢራቢሮዎች ያነሱት ግን ማንም ስለረዳቸው አይደለም። ትል ሳሉ ስለተራቡ ነው። ቢራቢሮ ሆኖ ከወጣ በኋላ የሰውነቱ መጠን አይጨምርም፤ የሚያድገው ትል ሳለ በበላው ልክ ነው። የደከመ ፍጡር ባየን ቁጥር «ፈተና ነው፣ ታግሎ ይውጣ» ማለት ይቀናናል። አንዳንዱ ድካም ፈተና ሳይሆን አንድ ሰው በር ቆልፎ ስለሄደ የመጣ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሶብር ከመስበክ በፊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ መጠየቅ አለብን።

ይህን ስጽፍ የሚታዩኝ ትሎቹ ብቻ አይደሉም። ከገራ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ ገጠር «ላስተምራት» ተብለው ጅማ የመጡ ልጆች በየቤታችን አሉ። እናቷ ጋ ሳለች ጎመንም ቢሆን የምትበላው ነበራት፣ የምታለቅስበት ጭን ነበራት። ከዚያ ያነሳናት እኛ ነን። አሁን ምዝገባው «ለከርሞ» ተብሏል፣ ደሞዟ «ለራሷው እየተጠራቀመላት ነው»፣ ስታለቅስ «ሶብር አድርጊ» ትባላለች። ማንም አይመታትም፣ እንዲያውም እንወዳታለን። የምታነቡኝ አብዛኞቻችሁ ወጣቶች ናችሁ፤ ቤቱ የእናታችሁ ነው፣ ደሞዝ የምትከፍሉት እናንተ አይደላችሁም፣ አውቃለሁ። እናቷ ጋ የምትደውልበት ስልክ ግን የእናንተ ኪስ ውስጥ ነው። ምዝገባው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቆ ለእናት ማስታወስም ከእናንተ አቅም በላይ አይደለም። ለቀማ ያስለቀሙትን ሰው ሒሳብ ከሳምንት ሳምንት የሚያንከባልሉ አባት ያላችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ያን ሰኞ ለልጆቹ ምን እንዳልኳቸው ጠይቃችሁኝ እንደሆነ፦ ዓርብ ተራዋ የነበረችውን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ክፍሉ ፊት። ትንሽ ግራ ተጋባች፤ አስተማሪ ይቅርታ ሲጠይቅ አይታ አታውቅም። ያኛውን ልጅ ደግሞ ቅጠሉን ለቅሞ እንዲጥል የነገረው ሌላ ተማሪ ነበር፤ አስቆምኩትና ራሴ ለቀምኩት። ትሎቹን ይቅርታ የሚጠይቁበት መንገድ የለም። ኢስቲግፋር አለ፣ እሱን አልተውኩም።

ዝናቡ ሲመለስ ሎሚው ለጋ ቅጠል አወጣ። ልጆቹ «አሁንስ?» አሉኝ፣ እኔ ፈራሁ። እነሱ ግን ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። 11 አይደለም፣ 4 ብቻ። ለቀማ በሚሆንበት ወር በጭራሽ አይሆንም። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ይውላል፤ ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ መጀመሪያ «ለትል ብዬ በር ልከፍት?» ብለው ስቀው ነበር፣ አሁን ራሳቸው አጎበሩን ገልጠው ያያሉ። ቅጠል የሚያመጣ ከጠፋ ትሎቹ በዚያው ቀን ወደ ዛፉ ይመለሳሉ። የዛፉ እናትም አንድ ቅርንጫፍ ለኛ ትተዋል፤ «ይቺ የተማሪዎቹ ናት» ይላሉ።

በተራው ዝርዝር ላይ የኔም ስም ገብቷል፣ ልጆቹ ናቸው የጻፉት። ዓርብና ቅዳሜ ላይ አድርገውኛል፣ ሁለቱንም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ትላንት ስወጣ ያ ልጅ በር ላይ ጠብቆኝ «ቲቸር፣ ነገ ጅማ ትሄዳለህ?» አለኝ።

አልሄድም። ከጁሙዓ በኋላ ሎሚው ጋ ነኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።